«አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው»

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምትከራከሩበት ጥያቄ ከባድ ነው። ፈጣሪ አለ ወይስ የለም? ጅማ ላይ ይህንን ጮክ ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። አዛንና ቅዳሴ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን መልሳችንን ይዘን ነው የመጣነው። እኔ ስለ አከራከሩ ትንሽ ልበል።

በፈረንጆቹ 2012 እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለዚሁ ጉዳይ መድረክ ላይ ተከራከሩ። አንዱ ሪቻርድ ዶውኪንስ ናቸው። ናይሮቢ የተወለዱ፣ ኦክስፎርድ ያስተማሩ የሥነ ሕይወት ሊቅ ናቸው፤ በፈጣሪ አያምኑም። ሌላው ጆናታን ሳክስ ናቸው። ያኔ የብሪታንያ ዋና ራቢ ነበሩ። ራቢ ማለት የአይሁድ ሃይማኖት መምህር ነው።

የዶውኪንስ ሐሳብ እንዲህ ነው። የዐይንን ረቂቅ አሠራር ያየ ሰው «ሠሪ ቢኖረው ነው» ይላል። ግን ዝግመተ ለውጥ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት፣ ትንሽ በትንሽ፣ ያንን ያደርሰዋል። ደግሞ ሠሪ አለ ካልን፣ ሠሪው ከሥራው የበለጠ ረቂቅ መሆን አለበት። እሱስ ከየት መጣ? ሳክስ ዝግመተ ለውጥን አልካዱም። ሳይንስ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ይነግረናል፣ የሕይወት ትርጉም ግን ሌላ ጥያቄ ነው ባይ ነበሩ።

እኔ አማኝ ነኝ። የዶውኪንስ ጥያቄ ግን ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ክርክሩ አንድ ቦታ ላይ ሻከረ። ዶውኪንስ በፈረንጆቹ 2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ብሉይ ኪዳን አምላክ እጅግ ከባድ ቃል ጽፈዋል። ሳክስ በዚያ አንቀጽ ውስጥ በአይሁድ ላይ ያለ የቆየ ጥላቻ አለ አሉ። ዶውኪንስ ደነገጡ። የተቃወሙት አምላኩን እንጂ ሕዝቡን እንዳልሆነ ተናገሩ። ሳክስን በጣም አከብራቸዋለሁ፤ እዚያ ላይ ግን የቸኮሉ ይመስለኛል።

ደግሞም ከአይሁድ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ታልሙድ ስለ ክርክር ያስተማረኝ የለም። የሁለት ጥንታዊ የአይሁድ መምህራን፣ የሂሌልና የሻማይ፣ ደቀ መዛሙርት 3 ዓመት «ሕጉ እንደኛ ነው» እየተባባሉ ተከራከሩ ይላል። በመጨረሻ ከሰማይ ድምፅ መጣ። የሁለቱም ቃል የሕያው አምላክ ቃል ነው፤ ሕጉ ግን እንደ ሂሌል ወገን ይሁን ተባለ። ለምን? የሂሌል ወገኖች ትሑታን ነበሩ። የሻማይንም ሐሳብ ያስተምሩ ነበር። እንዲያውም ከራሳቸው አስቀድመው!

ይህንን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ፣ ዘመድ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። አቦሉ እየተጠጣ አንድ ወጣት «ፈጣሪ መኖሩን በምን እናውቃለን?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። «አፍህን ያዝ!» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ቶናው ሳይደርስ ልጁ ወጣ። ምን ሊል እንደፈለገ አልጠየቅኩትም። እሱም ከዚያ ወዲህ ለኔ ጥያቄ አንስቶ አያውቅም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ ለዛሬው ክርክር አንድ ደንብ እንዲኖር ጠይቄ አዘጋጆቹ ፈቅደውልኛል። ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃዋሚውን ሐሳብ በራሱ አፍ ይናገር። ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ መልሱ አይጀመርም። ሰዓት ቢወስድም እንጠብቃለን።

የመጀመሪያዋ ተከራካሪ፣ መድረኩ ያንቺ ነው።