ትንፋሾቹን ቀንሳችሁ ኑ አትበሉን

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጣችሁ ልጆቻችን፣ የክለብና የሆቴል ባለቤቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙ በማይርቀው በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብነው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አውሮፓ የሚጓዘውን ወጣት የጃዝ ባንድ ለመሸኘት ነው። አዘጋጆቹ ዕድሜዬን በትሮምቦን ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ ስለ ባንድ የጉዞ ኑሮ እንድናገር ጋብዘውኛል፤ ለክብሩ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ጉዞ በተጠየቅኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚመለሰው ወደዚሁ ወደ ከተማችን ነው። ባንድ ባንድ የሚሆነው በየሳምንቱ በአንድ ቤት፣ በአንድ መድረክ፣ ጨዋታውን ለይቶ በሚያውቅ አድማጭ ፊት ሲጫወት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የመጣሁትም ይህን ለመናገር ነው።

መነሻችንን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ባንድ ሆነው፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊስ ሠራዊቱ፣ ምድር ጦሩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኋላም ዛሬ ብሔራዊ የምንለውና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ቴአትር የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ፤ ነፊውም ደመወዝተኛ ሆነ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውንና ፉከራውን በሳክስፎን ያስጮኹት ከእነዚህ ቤቶች ወጥተው ነው። ከሰባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር አውሮፓን ሲዞሩ፣ የፈረንጅ ወጣት ቆሞ ያጨበጨበላቸው እዚህ በማዘጋጃ ቤትና በቴአትር ቤት ምሽቶች ለበሰለ ድምፅ ነው።

የዋልያስ ባንድም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ዋልያሶች በሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውተዋል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው ሲደርስ በሩ ይዘጋ ስለነበር እንግዳውም ተጫዋቹም እስኪነጋ አብረው ያድሩ ነበር፤ የሚያውቁትን ዘፈን ጨርሰው፣ ደግመው፣ አዲስ ነገር ወደ መፍጠር የሚገቡትም በዚያ ሌሊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ የያዙት የዚያን ሁሉ ሌሊት ስንቅ ነው። ከጉዞው በኋላ ግን ከፊሎቹ ሲመለሱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ፣ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ፣ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ፣ ኪቦርዳቸውን በመኪናው ይዘው፣ ኤርፖርት ተራ እስኪደርሳቸው ሲለማመዱ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ሥራቸው በድጋሚ ታትሞ ዓለም ወደ መድረክ እስኪመልሳቸው ድረስ። እኒህን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ከማደንቃቸው እኩል እቆጫለሁ፤ በታክሲ ውስጥ ያለፈው ዘመን የእኛም ነበርና።

አሁን በራሴ ባንድ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ስምንት ነበርን፤ አምስቱ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድና ኮንጋ፣ ሦስቱ ደግሞ ትንፋሾቹ፣ ማለትም በትንፋሽ የሚነፉት ትራምፔት፣ ሳክስፎንና ትሮምቦን። ከአውሮፓ ጉዞ እንደተመለስን በመሐል ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ለአርብ ማታ ጠራን። ኃላፊው በቢሮው ተቀብሎ ቡና አስመጣልን፤ ስለ ጉዟችን ጠየቀን፣ የተነሣነውን ፎቶግራፍ አየ፣ ኮራሁባችሁም አለን። ሂሳብ ላይ ስንደርስ ግን «ትንፋሾቹን ቀንሳችሁ ኑ» አለ። እንግዳው እራት እየበላ የሚያወራበት ቤት ነው፣ የነሐሱን ድምፅ ኪቦርዱ ያወጣው የለም ወይ፣ ሳክስፎን ብቻ ለማሳመሪያ ትኑር፣ አለን። ተከራከርን። የቤት ኪራይ የደረሰበት፣ ልጅ የሚያስተምር ሰው በመካከላችን ስለነበረ ግን በአምስት ቀን ልምምድ ዜማዎቹን እንደ ገና አዋቅረን፣ እኔና ትራምፔት ነፊው ቤት ቀርተን ሥራው ተጀመረ። ኋላ ደግሞ ኮንጋው ተቀነሰ። ከዚያ ድራመሩ በስኔሩ ከበሮ ላይ ፎጣ አንጥፎ እንዲመታ ታዘዘ።

አንድ አርብ ባልደረቦቼን ላይ ብዬ ሄጄ ከኋላ ተቀምጫለሁ። በዕረፍቱ ሰዓት አንድ የአገራችን ልጅ፣ ሮም የሚኖር፣ ሚስቱን ይዞ ወደ መድረኩ ቀረበ። ሮም ላይ ስንጫወት አይቶናል፤ አገር ቤት ሲገባ ሚስቱን በትልቁ ድምፃችን ፊት ሊያስቀምጣት ተስሎ ነበር። ቤዝ ጊታሪስታችንን ትከሻውን ይዞ «የቀሩት ምን ሆኑ? ታመሙ?» ብሎ ጠየቀው። ባልደረባዬ አቀርቅሮ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። እኔም ተነሥቼ «ደህና ነን፣ እዚሁ ነን፣ ግን አልተጠራንም» አልኩት።

አንድ ኢትዮጵያዊ የአገሩን ባንድ በሙሉ አካሉ ለማየት ሮም መሄድ አለበት ወይ? ይህን ጥያቄ እዚህ ለተቀመጣችሁ የሆቴልና የክለብ ባለቤቶች ሁሉ አቀርባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራቸውን አስከትለው አዲስ አበባ ሲመጡና ከኢትዮ ጃዝ አባት ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሲገናኙ፣ ይህች ከተማ የነሐስ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ ነበራት። ጆሮው ዛሬም አለ፤ የጠፋው መድረኩ ነው።

ነገሩ የጩኸትና የጸጥታ ጉዳይ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱን፣ አንቺሆዬን ውሰዱ። ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ማሲንቆ መቺ ያንን ድምፅ በጣቱ ያንሸራትተዋል፣ ነፊም በከንፈሩ ያጎብጠዋል። ኪቦርድ ግን ቁልፉ የታሰረበትን ድምፅ ይሰጣል። ድምፁን የሚያጎብጥ ፒች ቤንድ የሚባል መቆጣጠሪያ አለው ትሉኝ ይሆናል፤ እርሱ የተያዙትን ድምፆች ሁሉ በአንድነት ይጎትታል። ሦስት ነፊዎች ሲቆሙ ግን ትራምፔቱ ዜማውን ይዞ ያዘነብላል፣ ሳክስፎኑ ይከተለዋል፣ ትሮምቦኑ ከሥር ሳይነቃነቅ ይጠብቃቸዋል፤ እያንዳንዱ በጆሮው ይወስናል። ይህም ሙላቱ የቪብራፎኑንና የኮንጋውን ቀለም ከአራቱ ቅኝቶች ጋር ሲያዋሕዱ ቅኝቱ መልኩን እንዳያጣ የተጨነቁለት ጉዳይ ነው። ትንፋሽ የሌለበትን ኢትዮ ጃዝ መጠየቅ ሽንኩርት ቀንሳችሁ ዶሮ ወጥ ሥሩልን ማለት ነው። አንድ ሰው በኪቦርድ ባንዱን ሁሉ በተካበት በዋን ማን ባንድ ዘመን ስንት ትራምፔት ነፊ መሣሪያውን ሸጦ ሌላ እንጀራ እንደፈለገ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሽማግሌዎች ታውቃላችሁ። ያ ዘመን ዳግም ሲመጣ እያየን ዝም አንልም!

ቤቶቻችንም እየቀነሱ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል የጃዝ ክለቡ የጃዛምባ መድረክ አብሮ ነደደ። ካዛንቺስ ሲፈርስ አዝማሪ ቤቱ ፈንድቃ ለዓመታት ከኖረበት ስፍራ ተነሣ። የቀረው ቤት በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ የእያንዳንዱ ባለቤት ውሳኔ በአንድ ትውልድ ሙያ ላይ ያርፋል።

ለተጓዦቹ ልጆቼ ጥቂት ነገር ልበል። ውላችሁን በጽሑፍ ያዙ፤ የቀን አበላችሁና የሆቴላችሁ ወጪ በማን እንደሚሸፈን ከመሳፈራችሁ በፊት ይለይ። የሳክስፎን ሪድ፣ ማለትም በአፍ መያዣው ላይ እየተንቀጠቀጠች ድምፅ የምታወጣው ቀጭን ሸምበቆ፣ እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝ ስትመለሱ ለባልደረቦቻችሁም ያዙ። የዜማ ድርሰቶቻችሁን በስማችሁ አስመዝግቡ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለእናንተም ነው የወጣው። ከመካከላችሁ አንዱ ቪዛ ቢከለከል ለምን እንደቀረ ለአዘጋጁም ለአድማጩም ተናገሩ፤ ቦታውን በኪቦርድ ሸፍናችሁ አትለፉ።

ለአድማጮቻችን፦ መግቢያ ስትጠየቁ ክፈሉ። ሙሉ ባንድ የሚቆመው በዚያ ገንዘብ ነው።

ለቤት ባለቤቶች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። በሳምንት አንድ ምሽት ስጡን፤ ቀኑ የታወቀ፣ የሚጀመርበት ሰዓት የማይለዋወጥ፣ ክፍያው በወረቀት የሰፈረ ይሁን፣ ለአንድ ዓመትም ይጽና። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወንበር ባዶ ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን፤ የነዚያን ሳምንታት ኪሳራ አብረናችሁ ለመካፈል የሙያ ባልደረቦቼ ተስማምተው ልከውኛል። ፈቃደኛ የሆነ ባለቤት ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ ያነጋግረኝ፤ በመጀመሪያው አርብ ስምንታችንም እንመጣለን።

አመሰግናለሁ።