የልብ መከታተያ ኤሌክትሮድ (ደረት ላይ የሚለጠፈውን ባለ ጄል ተለጣፊ) ከመለጠፋችሁ በፊት

[ምስል፦ አልጋ ላይ ጋቢ የለበሱ እናት። ሞኒተሩ ገና አልበራም።]

ደብረ ማርቆስ ነን፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከደንበጫ ገጠር የመጡ እናት ድንገተኛ ክፍል ተኝተዋል። ልባቸው ድው ድው እያለ አስቸግሯቸዋል። ሽቦዎቹን ሲያዩ ይጠይቃሉ፦ «ልጄ፣ ኮረንቲ ይይዘኝ ይሆን?»

እባካችሁ ይህን ጥያቄ አትለፉት። «አይይዝዎትም እናቴ፤ የልብዎን ምት ብቻ ነው የሚያዳምጠው» በሏቸው። ልብ በመታ ቁጥር የኤሌክትሪክ ምልክት ይሰጣል። ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ የደከመ ምልክት ቆሻሻና ቅባት አልፎ በደንብ አይመጣም።

መጀመሪያ ሽቦውን እዩት። ልጣጩ የተላጠ ከሆነ አትጠቀሙበት። እጃችሁን ታጠቡ፣ መጋረጃውን ሳቡ፣ ደረታቸውን ከመግለጣችሁ በፊት አስፈቅዱ። ማተባቸውን ወደ ጎን አድርጉት፤ መበጠስ አያስፈልግም።

[ምስል፦ ቆዳ በጎዝ ሲጠረግ።]

ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባ ቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ አይይዝም። በሳሙናና በውሃ አጥቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ በደረቅ ጎዝ ቀስ አድርጋችሁ እሹት። ፀጉር ካለ በመቀስ አሳጥሩት። ምላጭ ቆዳ ይቧጭራል፣ ለኢንፌክሽንም በር ይከፍታል። ቁስል ላይ አትለጥፉ። ፕላስተር የሚያሳክካቸው እንደሆነም ጠይቁ።

ሽቦውን ከኤሌክትሮዱ ጋር ቀድማችሁ አያይዙት። ደረት ላይ ከተለጠፈ በኋላ ስትጫኑት ያማል። ስትለጥፉም ጠርዙን ዙሪያውን ተጫኑ፤ መሃሉን ከተጫናችሁ ጄሉ ይወጣል።

[ምስል፦ ሦስቱ ቦታዎች።]

ባለ ሦስት ሽቦው ላይ ቀዩ ከቀኙ ክላቪክል (ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው የፊት አጥንት) በታች፣ ቢጫው ከግራው በታች፣ አረንጓዴው በግራ በኩል የታችኛው ጎድን ላይ ነው። ቀኝና ግራ የምንለው የታካሚዋን ነው። ባንዲራችንን ከታች ወደ ላይ ስታነቡት ይኸው ቅደም ተከተል ነው። ግን ተጠንቀቁ! አንዳንድ ማሽን ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ሽቦ አለው። እዚያ ነጩ ቀኝ፣ ጥቁሩ ግራ ሲሆን ቀዩ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ሽቦው ላይ የተጻፈውን ፊደል ሳታነቡ አትለጥፉ። ልብ በኤሌክትሪክ ሾክ መመለስ ቢያስፈልግ ፓዶቹ (ሾኩን የሚሰጡት ዝርግ ነገሮች) የሚያርፉበትን ቦታም ነጻ ተዉ።

አንድ ሌሊት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሞኒተሩ ጮኸ፣ መስመሩ ቀጥ አለ። ሮጠን ስንደርስ ታካሚው ዓይናቸውን ገልጠው ያዩናል። ፓኬቱ ተከፍቶ ስለከረመ የኤሌክትሮዱ ጄል ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ሰውየውን ነው፣ ስክሪኑን ቀጥሎ። ፓኬት ከፍቼም አልተውም።

ብርድም ያሳስታል። ሰው ሲንቀጠቀጥ መስመሩም ይንቀጠቀጣል፣ የልብ ምት የተዛባ ይመስላል። ጋቢውን መልሱላቸው፣ ይሙቁ፤ ከዚያ መስመሩን ደግማችሁ እዩት።

የማስጠንቀቂያው ድምፅ መከፈቱን አረጋግጡ። ኤሌክትሮዱን በየ24 ሰዓቱ ቀይሩ፤ ከላላ ወይም ከደረቀ ደግሞ ወዲያው።

[ምስል፦ ነርሷ ጋቢውን ስታስተካክል።]

«ካሳከከዎት ወይም ከተነቀለ ይጥሩኝ እናቴ። እዚሁ ነኝ።»