የራስን መሣሪያ በሌላ ፈቃድ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖቼ፣

እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳይ ለግብፅ ተጨማሪ ራፋል ተዋጊ ጄቶች ለመሸጥ ስትደራደር ነገሩ ተሰናከለ። ጄቱ የፈረንሳይ ነው፤ የሚሸከመው ስካልፕ ክሩዝ ሚሳይልም የአውሮፓ ኩባንያ ምርት ነው። በሚሳይሉ ውስጥ ግን አሜሪካ ሠራሽ ክፍል ነበረበት። አሜሪካ አይታር በሚባለው የጦር መሣሪያ ንግድ መቆጣጠሪያ ደንቧ ያንን ክፍል አላሳልፍም አለች። የአሜሪካ ዕቃ የትም ይገጠም የት ቁጥጥሩ አብሮት ስለሚሄድ፣ የገባበትን መሣሪያ በሙሉ ከዋሽንግተን ይሁንታ ሥር ያስገባዋል። ስዊድን በ1978 ቪገን ጄቶቿን ለህንድ እንዳትሸጥ የታገደችው የሞተሩ መሠረት የአሜሪካ ንድፍ ስለነበረ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ግን የጥይት ጉዳይ ነው። በ2022 ጀርመን ጌፓርድ የተባለውን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ለዩክሬን ሰጠች። መድፉ 35 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል። ጀርመን በመጋዘኗ የነበራት ጥይት ስዊዘርላንድ የተሠራ በመሆኑ፣ ገንዘቧን ከፍላ የገዛችውን ለመስጠት የስዊዘርላንድን መንግሥት መቀመጫ በርንን ማስፈቀድ ግድ ሆነባት። በርን የገለልተኝነት ሕጓን ጠቅሳ እምቢ አለች። ራይንሜታል የተባለው የጀርመን የጦር መሣሪያ ኩባንያ በኡንተርሉስ ከተማ አዲስ የማምረቻ መስመር ዘርግቶ የመጀመሪያውን ጭነት እስኪልክ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ። ያን ሁሉ ጊዜ የዩክሬን ከተሞች ሰማይ ከድሮን አላረፈም። ስዊዘርላንድን አልወቅስም፤ ሕጓን አክብራለች። ጥያቄዬ ጥይቱን ስትገዛ ይህ ቀን ይመጣል ብላ ላላሰበችው ጀርመን ነው።

አሁን የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ብራስልስ ነቅታለች። በ2025 የጸደቀው ሴፍ የተባለው የ150 ቢሊዮን ዩሮ የመሣሪያ መግዣ ብድር፣ ከኅብረቱና ከተባባሪ አገሮቹ ውጭ የሚመጣ ክፍል ከመሣሪያው ዋጋ ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ጥሩ ጅምር ነው፤ በእኔ እምነት ግን አይበቃም። የስካልፕን ሽያጭ ያስቆመው የዕቃው ዋጋ አልነበረም። ስለዚህ ለእኔ ከመቶኛው ይበልጥ ክብደት ያለው ሌላው አንቀጽ ነው፤ ለተራቀቁት መሣሪያዎች፣ ንድፉን ያለ ሦስተኛ አገር ገደብ የመለወጥ ሥልጣን አውሮፓ ውስጥ ይሁን የሚለው። በየፋብሪካው የምትሠሩ መሐንዲሶች፣ ሥራው ያለው እናንተ ዘንድ ነው። የእያንዳንዱ ክፍል ምንጭ ገና በንድፍ ጠረጴዛው ላይ ይመዝገብ፤ ከባሕር ማዶ ለሚመጣው ሁሉ አውሮፓዊ ምትክ ይፈለግለት።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ አሳስባለሁ። ከዋሽንግተን ፈቃድ መላቀቅ ለማንም እንደልብ መሸጥ ማለት እንዳይሆን። ከጦርነት ሸሽተን የመጣን ሰዎች በዚህ አዳራሽ አለን፤ የተሸጠ መሣሪያ የት እንደሚያርፍ እናውቃለን። አውሮፓ በ2008 ያጸደቀችው የጋራ አቋም፣ መሣሪያው ለጭቆና ሊውል የሚችልበት ግልጽ ሥጋት ካለ ፈቃድ እንዲከለከል ያዛል። እንደራሴዎቻችሁን በድምፃችሁ የምትመርጡ ሁሉ፣ የፋብሪካው በጀት ሲጨምር የዚህ ሕግ አፈጻጸምም አብሮ እንዲጠናከር ጠይቁ። በደብዳቤ ጠይቁ፣ በስብሰባ ጠይቁ፣ መልስ እስኪሰጧችሁ ድረስ ጠይቁ።

አመሰግናለሁ።