ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፤ እንኳን በደህና ተገናኘን። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ሐዋሳ ሄጄ ያየሁትን ብቻዬን ላውጋችሁ።

የሄድኩት አንድ የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያካሂዳቸውን ሁለት ሥራዎች ለመጎብኘት ነው። አንደኛው ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች ለጥቂት ወራት የሚቆዩበት ቤት ነው፤ ሁለተኛው በየሰፈሩ እየተዞረ የሚሰጥ የጤና ትምህርት። ጎብኚ ሁሉ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ቤቱ ነው። አልጋ አለው፣ ግቢ አለው፣ ፎቶ ሲነሳ ያምራል። ለጋሽ ደግሞ የሚታይ ነገር ይወዳል።

በቤቱ ጠዋት ጠዋት ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለ። ዋናው ፍልሚያ ግን ያለው ከምሳ በኋላ ነው። ለጫት ቃሚ 8 ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልቃመ አይረዳውም። ምሳ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ ሐራራው ይነሳል፤ ያፋሽከዋል፣ በሰበብ አስባቡ ያነጫንጨዋል፣ እግሩ ወደለመደበት ሊወስደው ይጣደፋል። በዚህ ምክንያት በዚያ ቤት ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ማንም ብቻውን አይቀመጥም። የሚበይድ ይበይዳል፣ ፀጉር መቁረጥ የሚማር ይማራል። አንድ ወጣት የጎመን መደብ ይኮተኩታል። ጨርሶ ቀና አለና ያንኑ መደብ ከጫፉ ጀምሮ እንደገና መኮትኮት ሲጀምር ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። «ጎመኑስ ጠግቧል ጋሼ፤ እጄ ነው ያልጠገበው» አለኝ።

ሐዋሳ ላይ ጫት መተው ደግሞ ከብዙ ቦታ የበለጠ ይከብዳል። የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን የሚባለው፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ እየተለወጠ ኃይሉን ያጣል። በኮባ ተጠቅልሎ በአይሱዙ እንደዚያ የሚከንፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ለሐዋሳ ሰው ግን ጫት አብቃዩ ወንዶ ገነት ጓሮው ማለት ነው፤ ትኩሱ ቅጠል ሳይለፋ ከደጁ ይደርሳል።

ጫት ብቻውንም አይመጣም። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል፤ ቀን ቅጠል፣ ማታ መጠጥ። ያነጋገርኳቸው አብዛኞቹ ወደ ሱስ የገቡት በጫት ነው፤ አልጋ ላይ የጣላቸው ግን አረቄ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማይክሮፎን ፊት ወዳስቀመጠኝ ነገር ልምጣ። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለሱሰኛ የምናውቀው መድኃኒት መሐላ ነው። በቄስ ፊት፣ በፓስተር ፊት፣ በሽማግሌ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ አልደርስበትም» እናስብለዋለን። እናት «በጠባኸው ጡቴ» ትለዋለች። እሱም ይምላል፤ ከልቡም ነው። ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ላቡ መፍሰስ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ የሌለ ነገር የሚያይ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ቀኑንና ቦታውን የሚስት አለ። ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። እኛስ ይህን ስናይ ምን እንላለን? «መንፈሱ ሊወጣ እየታገለው ነው» ብለን እጅና እግሩን እንይዛለን።

ለዚህ ነው ቤቱ ገና እየጠጣ ያለን ሰው በቀጥታ የማይቀበለው። መጀመሪያ ሐኪም ያየዋል፤ እንደ ዲያዚፓም ያለ የሚያረጋጋ መድኃኒት መጠኑ እየተቀነሰ ይሰጠዋል፤ መጠጥ የሚያሟጥጠው ቫይታሚን ቢ1ም ይተካለታል። ጸሎቱ አልቀረም፤ ተራውን ይጠብቃል እንጂ። ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር የሆነውን አልኮሆሊክስ አኖኒመስን በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ራሱ ሐኪም ነበር። ሌላው፣ ቢል ዊልሰን፣ ሕይወቴን ቀየረው ያለው መንፈሳዊ ገጠመኝ የደረሰበት ኒው ዮርክ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ ለመጠጥ ሲታከም ነው። በእኛም አገር አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለአረቄስ እንዲህ የሚለን አባት የምናገኘው መቼ ነው?

ከሰዓት በኋላ ወደ ጤና ትምህርቱ ወሰዱኝ። አዳራሽ የለ፣ ሰሌዳ የለ፤ ከአንዲት እናት ቤት ቄጠማ ተጎዝጉዞ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ አረቄ ግን መቼ ማስታወቂያ አስነግሮ ያውቃል? የሱ ወሬ የሚነገረውም የሚሻረውም እንዲህ ባለ ቤት ነው።

አስተማሪዋ ነርስ ነች። ሁለተኛው እስኪቀዳ ጠብቃ ጠየቀች፦ «ባለቤትሽ መጠጥ በተወ በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አንዷ ጠበል አለች። ሌላዋ ፓስተር እጠራለሁ አለች። ከጥግ የተቀመጠች ወጣት «አንድ መለኪያ እሰጠዋለሁ» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። «ከሁላችሁም ሰውነቱ ምን እያለ እንደሆነ የሰማችው እሷ ናት» አለች። «መለኪያውን ግን አስቀምጪና ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ጠበሉም ፓስተሩም እዚያ ሊመጡለት ይችላሉ።»

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጠና ያሉ እናት ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና «እኛ እኮ ወንድሜን አስረነው ነበር» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ነርሷ ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ስወጣ ስለ ወጪው ጠየቅኩ። ቡና፣ ስኳር፣ ፈንዲሻ፣ የነርሷ ባጃጅ፤ ይኸው ነው። የበጀቱ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ወደ ማገገሚያው ቤት ነው። አልጋዎቹ ይቀነሱ አልልም፤ በእነሱ የተረፉ ሰዎችን አይቻለሁ። ነገር ግን ለፋሲካም ይሁን ለአዲስ ዓመት ወንድሙን ሊያስምል የተዘጋጀ ቤተሰብ ስንት ነው? ያ ቤተሰብ የማገገሚያ ቤት ደጃፍ ላይደርስ ይችላል፤ ቡና ግን ይጠጣል። በቤታችሁ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ከመሐላው በፊት ሐኪም ይየው።

ነርሷን አዲስ አበባ ጋብዤ የእኛን ምእመናን እንድታስተምር አስቤአለሁ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ገና ከአሁኑ «የአረቄ ወሬ በመቅደስ?» ብለውኛል። በአዳራሹ ይሁን፣ ቡናውን እኔ አስፈላለሁ እያልኩ እየለመንኳቸው ነው።