ለውሻ ያዋጣሁበት ቀን

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ታገሱኝ፣ ትናንት ቅዳሜ ስጮህ ነው ያመሸሁት። ቦውሊንግ ቤት ነበርኩ። ለውሻና ለድመት ገንዘብ ለማሰባሰብ።

ይህንን ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። የኔም ፊት እንደዚያ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ከመነሻው ልጀምርላችሁ።

የምሰራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው፤ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ። የሌሊት ተረኛ ነኝ። አብራኝ የምታድር አንዲት አሜሪካዊት ነርስ አለች፣ ጡረታዋ የደረሰ። ቤቷ ድመት ጠፍቶ አያውቅም። የራሷ ግን አይደሉም። መንገድ ላይ የተገኙትን፣ ባለቤት የተዋቸውን ትቀበላለች፣ ታስታምማለች፣ የሚወስዳቸው ሰው ሲገኝ ትሸኛቸዋለች። ከዚያ ሌላ ታመጣለች። ፎስተር ይሉታል። እኛ አደራ ብንለው የሚቀርበው ይመስለኛል። ባለፈው ወር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ እየጠጣን አንድ ወረቀት አቀበለችኝ። ሰንጠረዥ አለበት። ስም፣ ስልክ፣ ለአንድ ፒን ስንት። ፒን የሚሉት ቦውሊንግ ላይ ኳስ አንከባልለው የሚጥሉትን የቆመ እንጨት ነው።

አሰራሩ ቀላል ነው። አራት አምስት ሆናችሁ ቡድን ትመሰርታላችሁ። መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ የጫማው ኪራይ እዚያው ውስጥ ነው። ከዚያ የምታውቁትን ሰው ሁሉ እየዞራችሁ «በምጥለው በእያንዳንዱ ፒን አስር ሳንቲም ቃል ግቡልኝ» ትላላችሁ። መጨረሻ ላይ ያመጣችሁት ነጥብ ይቆጠርና በዚያ ይባዛል። ገንዘቡ በአካባቢው ላሉ ሦስት ቡድኖች ይከፋፈላል። አንዱ ውሾች ላይ ይሰራል፣ አንዱ ድመቶች ላይ፣ ሦስተኛው የጎዳና ድመቶችን እየያዘ አስመክኖ፣ አስከትቦ ወደነበሩበት ይመልሳል። በነገራችን ላይ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ድመት ሰፈራችሁ ካያችሁ ማንም ጨክኖባት አይደለም። ይቺኛዋ መክናለች፣ ደግማችሁ አትያዟት የሚል ምልክት ነው።

ለእቁብ ጓደኞቼ በአማርኛ መልእክት ልጽፍ ተቀመጥኩ። «የእንስሳት አዳኝ ቡድን» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። አዳኝ። ጠመንጃ ይዞ ጫካ የሚገባውም አዳኝ ነው፣ ከሞት የሚያተርፈውም አዳኝ ነው። ሲጻፍ አንድ ቃል ነው። ደጋግሜ አየሁት። መጨረሻ ላይ አጠፋሁትና «የተጣሉ እንስሳትን የሚያነሱ ሰዎች» ብዬ ላክሁት።

ሰባት ሰው ቃል ገባልኝ። ሰባቱንም አመሰግናለሁ፣ ስማችሁን አልጠራም። አንዲት ግን በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ፣ ቤተክርስቲያን ሁሌ አጠገባቸው የምቆም እትዬ፣ ወረቀቱን አይተው መለሱልኝ። «ልጄ፣ አገር ቤት ሰው እየተራበ ለውሻ?» አሉኝ። በቁጣ አይደለም። አዝነው ነው ያሉት። እሳቸው በየወሩ ለእህቶቻቸው ልጆች የሚልኩትን አውቃለሁ። የሚናገሩት ከአፋቸው ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መልስ አጣሁ። «እሺ እትዬ» ብዬ ወረቀቴን አጠፍኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ ጥያቄ አብሮኝ ሰራ፣ አብሮኝ አውቶቡስ ተሳፈረ። ዛሬ ማይክ የከፈትኩትም ለሱ ነው።

ስለ ቦቢ ልንገራችሁ። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ቦቢ ቡኒ ውሻ ነበር፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ። ማን እንዳመጣው አላውቅም፣ ራሴን ሳውቅ ግቢው ውስጥ ነበር። የሚተኛው አሮጌ ጎማ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው። የሚበላው የተረፈውን። ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ማንም እንዲገባ አስቦም አያውቅም። ጠዋት ጠዋት እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሸኘኛል፣ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ቆሞ ይሁን ሰዓቱን አውቆ ይሁን እስከዛሬ ይገርመኛል።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን አንድ ልጅ በውሻ ተነከሰ። እብድ ነው ተባለ። በሳምንቱ ሌሊት መርዝ ያለበት ስጋ በየመንገዱ ተጣለ። ጠዋት ስወጣ ቦቢ ጎማው አጠገብ ተጋድሞ እግሩ ይንቀጠቀጣል። አፉ ላይ አረፋ አለ። እኔን ሲያይ ጭራውን አነሳ፣ አንዴ፣ መልሳ ወደቀች። እማዬ እጄን ይዛ በሌላኛው በር አስወጣችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የለም። የሚበላበት ቆርቆሮ ሳህን ብቻ ታጥቦ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩም። አላለቀስኩም፣ ለውሻ ይለቀሳል እንዴ? ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ይመጣል፣ ጎረቤቱ ንፍሮ ይቀቅላል። ለቦቢ የሚሆን ምንም ቦታ አልነበረም።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው ግን የዚያ ሰፈር ሰዎች አልጨከኑም። ፈርተው ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ሰው ነው የሚገድለው፣ በብዛት ደግሞ ሕፃናትን። ነገር ግን ውሻ መግደል በሽታውን አያጠፋም። የሞቱት ቦታ ላይ ሌሎች ያልተከተቡ ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች እስከ 99 በመቶው በሽታው የያዛቸው ከውሻ ነው፣ ማቆሚያው ደግሞ በአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው። እስቲ አስቡት። ያን ጊዜ የሰፈሩን ውሾች መርፌ ብንወጋቸው ኖሮ ቦቢንም የተነከሰውንም ልጅ የሚጠብቅ ነበር። ባሌ ተራራ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮም እንደዚሁ ነው። በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም፣ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፣ ደጋግሞ የጨረሰው ከገበሬው ውሻ የሚጋባበት ይኸው በሽታ ነው። እሱን ለማዳን የተሰማሩ ሰዎች ከዋና ስራዎቻቸው አንዱ የገበሬውን ውሻ መከተብ ነው።

እና እትዬ፣ ይህንን የሚሰሙት ከሆነ፣ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ መልሴ ይኸው ነው። ለሰውና ለውሻ የሚሆነው ሁሌ ከአንድ መሶብ የሚቀነስ አይደለም። አንዳንዴ ለውሻው ያደረግነው ለልጁ ያደረግነው ነው። አንዳንዴ ደግሞ አይደለም፣ ለውሻው ብቻ ነው፣ እሱንም አልክድም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

የተጫወትነው ዳክፒን ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ትልቁን ቦውሊንግ ነው፣ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ከባድ ኳስ። ዳክፒን ሌላ ነው። ኳሱ መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ቀዳዳ የለውም። ፒኖቹም አጫጭርና ወፈር ያሉ ናቸው። በአንድ ዙር ሁለቴ ሳይሆን ሦስቴ ይጣላል። ባልቲሞሮች የኛ ነው የሚሉት ጨዋታ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ እስከዛሬ የሚጫወቱበት ቤቶች አሉ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ሙሉ ነጥቡ 300 ነው፣ ያንን ያመጣ ሰው ግን እስካሁን አልተመዘገበም፣ ክብረ ወሰኑ 279 ነው። ፒኖቹን የሚያቆመው ማሽን የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፣ አሁን የሚሰራው ፋብሪካ የለም። አንድ ቤት ሲዘጋ ሌሎቹ መለዋወጫውን ይወስዳሉ። የወደቀውን ፒን ለማስጠረግ ራሳችሁ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ከኋላ ጓጓጓ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ብረቱ ወርዶ ይጠርገዋል። ያንን ቁልፍ መጫን ወደድኩት። አንድ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከጎናችን ነበር፣ ለሁላችንም እየሮጠ እየመጣ እሱ ነው የሚጫንልን።

ግድግዳው ዳር ረጅም ጠረጴዛ ላይ ለዕጣ የቀረቡ ቅርጫቶች ተደርድረዋል፤ ቡና፣ የውሻ ብስኩት፣ አንዲት ሴት በእጇ የሰራችው ብርድ ልብስ። ከነሱ ቀጥሎ ፎቶዎች አሉ። እያንዳንዱ ፎቶ ስር ሂሳብ ተጽፏል። ይህንን ነው ቆሜ ያነበብኩት። የአንዲት ድመት ዓይን ማውጣት፣ ይህን ያህል። የስድስት ድመት ግልገሎች ወተትና ክትባት፣ ይህን ያህል። ልክ የእድር ጸሐፊ ወጪ እንደሚያነበው ነው፣ ሳንቲሙ ሳይቀር። ልቤ እዚያ ጋ ነው ረጋ ያለው። ይህን አውቀዋለሁ። ዘመድ የሌለውን ተሰብስቦ መቅበር የኛ ነው። እነሱ ዘመድ የሌለውን ተሰብስበው ያሳክማሉ።

እዚህ አገር ያለው ነገርም ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1866 ኒውዮርክ ውስጥ የተመሰረተው ኤ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የሚባለው፣ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚከላከል ድርጅት ለ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በአሜሪካ በዓመቱ 6.3 ሚሊዮን ውሻና ድመት መጠለያ ገብቷል፣ ከነሱ 920,000 ያህሉ ተገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተገደሉት 2.6 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር። የቀነሰው ዝም ብሎ አይደለም፤ እንደ ነርሷ ያሉ ሰዎች ቤታቸውን ከፍተው፣ ማስመከን ተስፋፍቶ፣ ሰው ከመግዛት ይልቅ ከመጠለያ መውሰድ ጀምሮ ነው።

አንዱ ፎቶ ላይ ቡኒ ውሻ ነበረች። ከሳውዝ ካሮላይና የመጣች፣ መጠለያው ሞልቶ የመገደያ ቀኗ ደርሶ ነበር። የልብ ትል አለባት። በትንኝ ንክሻ ይተላለፋል፤ ትሉ ልብና ሳንባ መሃል ባለው የደም ስር ውስጥ ያድጋል፣ ርዝመቱ እስከ 30 ሳንቲሜትር ይደርሳል። መከላከያው በየወሩ የምትዋጥ አንድ ኪኒን ናት። ሕክምናው ግን ሦስት መርፌ ነው፣ የወገብ ጡንቻ ላይ የሚወጋ፣ በጣም የሚያም። የሷ ሂሳብ ከሺህ ዶላር አልፏል።

ነርሷ እያየችኝ ነበር መሰለኝ፣ «ውጪ መኪና ውስጥ ናት፣ ሄደሽ እያት» አለችኝ። ምግብ የሚሸጥበት ቤት ስለሆነ እንስሳ አይገባም። የቦውሊንጉን ጫማ አውልቄ የራሴን አድርጌ ወጣሁ። ብርድ ነበር። የኋላው ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ አሳዳጊዋ ሞተሩን አስነስታ አጠገቧ ተቀምጣለች። እንዳትነሳ ቀስ ብለሽ ቅረቢያት አለችኝ። ትሎቹ ሲሞቱ ተሰባብረው ሳንባዋን ሊዘጉት ስለሚችሉ መሮጥ፣ መዝለል፣ መደሰት እንኳን አይፈቀድላትም። እጄን ዘረጋሁላት። ፈንዲሻ ስበላ ነበርና ጨው አለው። መዳፌን በሙሉ ላሰችው፣ በየጣቶቼ መሃል፣ ቀስ ብላ። ከዚያ አገጯን እጄ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ክብደቱ ተሰማኝ። ጭራዋ ከብርድ ልብሱ ስር ተነሳች፣ አንዴ፣ መልሳ ተኛች።

እዚያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አለቀስኩ። ከዘጠኝ ዓመቴ የቆየ ለቅሶ ነበር። አሳዳጊዋ ምን ሆንሽ አላለችኝም፣ መሃረብ ብቻ ሰጠችኝ።

ሦስት ጨዋታ ተጫውቼ 71፣ 79 እና 88 አመጣሁ። በድምሩ 238። አስር ሳንቲም ሲባዛ በሰው 23 ዶላር ከ80፣ ለሰባታችሁ 166 ዶላር ከ60። ስጮህ ያመሸሁት ሰማንያውን ሳልፍ ነው።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ጋ ደወልኩ። ቅዳሴ ጨርሳ ቤት ገብታ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ ቡኒዋን ውሻም፣ እጄን እንዴት እንደላሰችኝም። ይቺ ልጅ አበደች ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«ከጌሾው ስር ነው የቀበርኩት» አለችኝ።

«ማንን?»

«ቦቢን ነዋ። በአሮጌ ነጠላዬ ጠቅልዬ። ሰው እንዳያየኝ በምሳ ሰዓት። አንቺ እንዳትፈልጊው ብዬ ዝም አልኩሽ።»

ሠላሳ ዓመት ሊሆን ነው። ሁለታችንም አንድ ግቢ ውስጥ አንዱን ውሻ ለየብቻ አዝነንለት ኖረናል። ስለሱ ለረጅም ጊዜ አወራን። ዶሮ ነክሶ እንደማያውቅ፣ ዝናብ ሲመታው እንኳን ከጎማው እንደማይወጣ። ከዚያ እማዬ የዚያችኛዋስ ስሟ ማነው ብላ ጠየቀችኝ።

የቡኒዋ ውሻ ሁለተኛ መርፌ ማክሰኞ ነው፣ ሦስተኛው በማግስቱ ረቡዕ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አደገኛ ናቸው፣ ብቻዋን መተው የለባትም። አሳዳጊዋ ሐሙስ ቀን ስራ አላት፣ እኔ ደግሞ ማታ ነው የምገባው። እኔ እቀመጥላታለሁ ብያታለሁ። ስለዚህ የሚቀጥለው ክፍል ሐሙስ ሳይሆን ዓርብ ነው የሚወጣው። ደህና ሰንብቱ።