ችግር አለበት የተባለ አዲስ ስልክ፦ ልግዛው ወይስ ልቆይ?

ሜሮን፦ ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ናችሁ አድማጮቻችን? ሜሮን ነኝ።

ዳዊት፦ እኔም ዳዊት ነኝ። ዛሬ የምናወራው ሰሞኑን የሜሮንን ልብ ለሁለት ስለከፈለ ነገር ነው።

ሜሮን፦ እውነትህን ነው። ስጠብቀው የነበረ ስልክ ወጣ። ካሜራው ጥሩ፣ መጠኑ ለእጄ የሚሆን፣ በቃ ሁሉ ነገሩ የምፈልገው ነው። ግን ገና ሰው እጅ ከመግባቱ ወሬው ተከተለው። ይግላል አሉ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል አሉ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ አረንጓዴ መስመር ወጣ ተባለ። የስልኩን ስም አልጠራም። የዛሬ ዓመትም በሌላ ስልክ ይሄው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ዳዊት፦ እኔ ሐሳቤን ቀድሜ ልንገርሽ፤ ቆዪ ነው የምልሽ። ምን ያስቸኩልሻል? ስልኩ የትም አይሄድም። ትንሽ በቆየሽ ቁጥር ደግሞ ችግሩ ምን እንደሆነ እየጠራ ይመጣል።

ሜሮን፦ የሚያስቸኩለኝማ አለ። አሁን የያዝኩት ስልክ የደህንነት አፕዴት መቀበል ካቆመ ቆይቷል። የባንክ ሒሳቤን የማንቀሳቅሰው በእሱ ነው። የይለፍ ቃሎቼ እሱ ላይ ናቸው። የቤተሰብ ፎቶ ሁሉ እዚያው ነው። ነገ አንድ ክፍተት ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም። ሰው "ቆይ" ሲል መቆየት ምንም የማያስከፍል ይመስለዋል። ያስከፍላል።

ዳዊት፦ እሺ፣ እሱን እቀበላለሁ። እንግዲያው ወሬውን እንፈትሸው። "ችግር አለበት" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከሶፍትዌሩ ነው ወይስ ከሃርድዌሩ? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነው። የሶፍትዌር ከሆነ አንድ ሌሊት በሚወርድ አፕዴት ሊስተካከል ይችላል። የሃርድዌር ከሆነ አንቺ እጅ የገባው ስልክ እንደዚያው ይኖራል።

ሜሮን፦ ከሙቀቱ እንጀምር። አይፎን 15 ፕሮ ሲወጣ የነበረውን ታስታውሳለህ?

ዳዊት፦ በደንብ ነዋ! 2023 ላይ ነው። ዓመቶቹን ዛሬ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ አድማጮቻችን እንዳትደናገሩ። ስልኩ ሴፕቴምበር 22 ለሽያጭ ቀረበ፣ ሰው ወዲያው "እጅ ላይ ይግላል" ማለት ጀመረ። ጥርጣሬው ሁሉ ወደ አዲሱ የታይታኒየም አካሉ ሄደ። ሙቀት አያስወጣም ተባለ። አፕል ግን "ታይታኒየሙ አይደለም" አለ። ስልኩን በሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ በአይኦኤስ 17 ላይ ስህተት እንዳለና አንዳንድ አፖችም ፕሮሰሰሩን ከልክ በላይ እንደሚያሠሩት ተናገረ። ኢንስታግራምና ኡበር ከተጠቀሱት መካከል ነበሩ። ኦክቶበር 4 ማስተካከያው ወጣ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ሜሮን፦ አንድ ነገር ልጨምርበት። አዲስ ስልክ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መሞቁ ያለ ነው። የድሮውን ዳታ ያወርዳል፣ አፖቹን በሙሉ ይጭናል፣ ሰው ፎቶ መፈለግ እንዲችል በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ከጀርባ ሆኖ ይለያል። ባትሪውንም የሚበላው ያኔ ነው። ስለዚህ "ትናንት ገዛሁት፣ ይግላል፣ ባትሪውም አይበረክትም" የሚል ሰው ሳይ ብዙም አልደነግጥም። ወር ይዞት እንደዚያው የሚል ሰው ግን ያሳስበኛል።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። አረንጓዴው መስመርስ?

ሜሮን፦ እሱ ነው የሚያሰጋኝ። እንዲህ ያለ መስመር ብዙውን ጊዜ የፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል፣ ወይም ፓነሉን ከስልኩ ዋና ቦርድ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ሪባን ችግር ነው። አጥፍተህ ብታበራው ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል፣ ግን ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒቱ ስክሪን መቀየር ነው። ስክሪን ደግሞ ከስልኩ ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው።

ዳዊት፦ ስንት ሰው ላይ ነው የታየው?

ሜሮን፦ እሱን ማንም በትክክል አያውቅም። ስልኩ የተበላሸበት ሰው ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። ደህና የሚሠራለት ሰው ምን ብሎ ይለጥፍ? ዝም ብሎ ይጠቀማል።

ዳዊት፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ ግን እንዳንሳሳት። "ጥቂት ሰው ላይ ነው የደረሰው" የሚለው ሁልጊዜ አያጽናናም። የሳምሰንግን ጋላክሲ ኖት 7 አስቢ። 2016 ኦገስት ላይ ወጣ። ሳምሰንግ ሴፕቴምበር 2 ስልኩን ልሰብስብ ሲል በእጁ የነበረው ሪፖርት 35 ብቻ ነው። ስልኩ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ነበር። በቁጥር ብትሄጂ "ኧረ ምንም አይደለም" ያሰኛል። ግን ምን ነበር ችግሩ? ባትሪው እሳት ያስነሳል! ትራስ ሥር አድርገሽው የምትተኚው ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ላይ ቁጥር አልቆጥርም።

ሜሮን፦ የሚገርመው ደግሞ ተቀይሮ የተሰጠውም መቃጠሉ ነው።

ዳዊት፦ አዎ! ያ ነው ነገሩን የከፋ ያደረገው። ደህና ነው ተብሎ የተሰጠው ስልክም ተቃጠለ። ኦክቶበር ላይ ማምረቱን ጭራሽ አቆሙት፣ አሜሪካም አውሮፕላን ውስጥ ይዞ መግባት ተከለከለ። በሚቀጥለው ጃንዋሪ ሳምሰንግ የምርመራውን ውጤት ተናገረ። ባትሪዎቹ ከሁለት አምራቾች የመጡ ናቸው፣ የሁለቱም ብልሽት የተለያየ ነው። የአንደኛው ማቀፊያ ጠባብ ስለሆነ ጥግ ላይ ውስጡን ተጭኖታል። የሌላው ብየዳ ላይ የቀረ ሹል ነገር የባትሪውን ሁለት ዋልታዎች የሚለየውን ስስ ሽፋን እየበሳ ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ ባትሪ ማበጥ፣ ጭስ፣ ቻርጅ ሲደረግ ከመጠን በላይ መጋል የሚል ነገር ከሰማሽ፣ ስለ ካሜራውና ስለ ዋጋው አታስቢ። ተይው።

ሜሮን፦ በዚህ አንከራከርም። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ትንሽ መስሎ ቆይቶ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ብቅ የሚለው።

ዳዊት፦ ለምሳሌ?

ሜሮን፦ አይፎን 6 ፕላስ። 2014 ላይ ሲወጣ "ኪስ ውስጥ ይጎብጣል" ተባለ። ብዙ ሰው ሳቀበት። አፕልም በዚህ ጉዳይ ያነጋገሩን 9 ደንበኞች ናቸው አለ። ወሬው ሞተ። 2016 ላይ ምን መጣ? ስክሪኑ ጫፍ ላይ ግራጫ የሚርገበገብ መስመር ይወጣል፣ ከዚያ ስልኩ ሲነኩት አልሰማ ይላል። ጠጋኞች ስልኮቹን ከፍተው ሲያዩ፣ ንክኪውን የሚቆጣጠሩት ቺፖች ከቦርዱ ጋር የተበየዱበት ቦታ ላልቷል። ስልኩ በትንሽ በትንሹ በጎበጠ ቁጥር ብየዳው እየተሰነጠቀ ነው አሉ። አፕል ደግሞ ስልኩ በተደጋጋሚ ጠንካራ ነገር ላይ ሲወድቅ የሚመጣ ነው ብሎ በ149 ዶላር እንጠግናለን አለ።

ዳዊት፦ ይሄን ያህል ከፍሎ?

ሜሮን፦ አዎ፣ ዋስትናው ካለቀ በኋላ የመጣ ችግር ነዋ። በኋላ ደግሞ 2018 ላይ በፍርድ ቤት ክርክር የወጣ የራሱ የአፕል ሰነድ ነበር። 6 ፕላስ ከአይፎን 5ኤስ ይልቅ የመጉበጥ ዕድሉ 7.2 እጥፍ እንደሆነ ይላል። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። እነዚያ መጀመሪያ "ጎበጠብን" ያሉ ሰዎች የተሳቀባቸው በከንቱ ነው። ለዚህ ነው ጥቂት ሰዎች የሚሉትን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት የማልወደው።

ዳዊት፦ እና አረንጓዴውን መስመር እንዲህ ነው የምታዪው?

ሜሮን፦ አዎ። ዛሬ ጥቂት ሰው ላይ ነው። ከዓመት በኋላስ?

ዳዊት፦ ታዲያ እኔ ያልኩት ላይ መጣሽ እኮ! ቆዪ!

ሜሮን፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። የማየው ሌላ ነገር አለ። ኩባንያው ምን አለ? አይፎን 4 በ2010 ሲወጣ ከዳር ያለው ብረት ራሱ አንቴናው ነበር። ግራ ታችኛው ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን ክፍተት አለች። እጅህ እሷን ከሸፈነ ኔትወርኩ ይወርዳል። ዕቃ እየፈተሸ ለሸማቾች የሚናገረው ኮንሱመር ሪፖርትስ ሞክሮት "ግዙ ማለት አንችልም" አለ። መጀመሪያ አፕል ያወራው ስለ ኔትወርክ ምልክቱ አሳሳል ነበር። በኋላ የአፕል አለቃ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ራሱ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ከቨር በነፃ እንሰጣለን፣ ያልፈለገም ይመልስ አለ። ከቨሩ እጅን ከብረቱ ስለሚለይ ችግሩ ያልፋል። ስልኩም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተሸጠ።

ዳዊት፦ እኔ ደግሞ ሳልገዛ የማደንቀው ስክሪኑ የሚታጠፈውን የሳምሰንግ ጋላክሲ ፎልድን ነው። 2019 ኤፕሪል ላይ ለጋዜጠኞች ቀድሞ ተሰጠ፣ በቀናት ውስጥ ስክሪኑ ተበላሸ። አንዳንዶቹ ከላይ ያለው ፕላስቲክ መከላከያ መስሏቸው ላጡት። ሌሎቹ ላይ በማጠፊያው በኩል ጉድፍ ገባ። ሊሸጥ ቀናት ሲቀሩት አዘገዩት። ፕላስቲኩን ከጠርዙ ሥር አስገቡት፣ የማጠፊያውን ጫፎች ሸፈኑ፣ ሴፕቴምበር ላይ ሸጡት። ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ነው ያቆሙት። ለገዢ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ሜሮን፦ ምንም። የእኔ ስልክ አምራች ግን እስካሁን ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው የተናገረው፤ አፕዴት እያዘጋጀሁ ነው ብሏል። ስለ መስመሩ ዝም ነው።

ዳዊት፦ ዝምታውን እንዴት ታይዋለሽ?

ሜሮን፦ አልወደድኩትም። "መስመር የወጣበትን በነፃ እንቀይራለን፣ ዋስትናው ቢያልቅም" ቢሉ ዛሬውኑ እገዛ ነበር። ጉግል በ2017 በፒክስል 2 ኤክስኤል ስክሪን ላይ ቅሬታ ሲበዛ ዋስትናውን ወደ ሁለት ዓመት አራዝሟል። ማድረግ ይቻላል ማለት ነው።

ዳዊት፦ ስለዚህ ውሳኔሽ?

ሜሮን፦ አፕዴቱ እስኪወጣ እታገሳለሁ። ያን ጊዜ ሰው ስለ መስመሩ የሚለው ከበዛ፣ ወይም ኩባንያው ዝም ካለ፣ የዚያኑ ኩባንያ ያለፈውን ዓመት ስልክ እገዛለሁ። ካሜራው ትንሽ ያንሳል። ግን አፕዴት ገና ለዓመታት ያገኛል፣ ድክመቱም ታውቋል። የቸገረኝ የደህንነት አፕዴት አይደል? እሱን እዚያም አገኛለሁ።

ዳዊት፦ ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪኝ አልከራከርሽም ነበር! እኔም ቆዪ ስልሽ አሮጌውን ይዘሽ ተቀመጪ ማለቴ አልነበረም። ያለፈው ዓመት ስልክ ጥሩ መላ ነው።

ሜሮን፦ አዲሱን የምገዛው ከሆነ ግን፣ መመለስ ከሚፈቅድ ሻጭ ብቻ ነው። የመመለሻውን ጊዜ በጽሑፍ አያለሁ። ስልኩን እንዳመጣሁ ከቨርና ስክሪን መከላከያ አላለብሰውም፣ መጀመሪያ ራቁቱን ነው የማየው።

ዳዊት፦ ምን ምን ታያለሽ? አድማጮቻችንም ይጠቅማቸዋል።

ሜሮን፦ ማታ መብራት አጠፋለሁ። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌ ሙሉ ግራጫ ምስል እከፍታለሁ። መስመር ካለ፣ ወይም አንዱ ጎን አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ በደንብ ይታያል። በቀን ብርሃን ነጭ ምስል ላይ ሁሉም ስክሪን ቆንጆ ነው። ከዚያ ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት ረዘም አድርጌ እቀርጻለሁ። ሙቀቱ ካሜራውን እስኪያዘጋው ድረስ ከሄደ ይታወቃል። ሰው ጋ ደውዬ ስልኩን በቀኝም በግራም እጄ እየያዝኩ አወራለሁ። ባትሪውን ግን ወዲያው አልፈርድበትም፣ ዳታውን አውርዶ ይረጋጋ።

ዳዊት፦ መስመሩን ካየሽስ?

ሜሮን፦ በማግስቱ እመልሰዋለሁ። "እንጠግንልሽ" ቢሉኝም እሺ አልልም። መመለስ እየቻልኩ ገና በአዲስነቱ ተከፍቶ የተገጣጠመ ስልክ ለምን እወስዳለሁ?

ዳዊት፦ ደረሰኙንና ካርቶኑን አትጣይ።

ሜሮን፦ አልጥልም። በሉ አድማጮቻችን፣ እናንተም ቀድማችሁ የገዛችሁት ስልክ ካለ፣ ከገዛችሁት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጨምራችሁ ጻፉልን። በሚቀጥለው ያገለገለ ስልክ ስለመግዛት እናወራለን። ደህና ሁኑ!

ዳዊት፦ ደህና ሁኑ!