ድልድዩን ማን ጠገነው? የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የክብር እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን አደራችሁ! እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የዓመቱን ክንውን ጸሐፊያችን በሪፖርታቸው ስለሚያቀርቡት እኔ አልሻማቸውም። በተሰጡኝ ደቂቃዎች ስለ ድልድይ ላወራችሁ ነው። ስለ ድልድይ ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠየቀው «ማን ሠራው?» ነው። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው።

ጢስ ዓባይን ለማየት የሄደ ሰው ፏፏቴው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በአንድ የድንጋይ ድልድይ ያልፋል። ልቡ ከፊቱ ያለው ጢስ ላይ ስለሆነ ድልድዩ ላይ ቢቆምም ፎቶ ለመነሣት ነው። አላታ ድልድይ ነው። አስጎብኚዎች «የፖርቱጋል ድልድይ» ማለት ይቀናቸዋል፤ በዚህ ስም ላይ ቅሬታ ስላለኝ እመለስበታለሁ።

የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰባት ወይም ስምንት መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ። ቦታውን የመረጠው ሰው ዓይን ነበረው። ያ ሰፊ ወንዝ ከፏፏቴው ከወረደ በኋላ በአለት መካከል ገብቶ እንደ ጠባብ ቦይ ይጨመቃል። ወንዙ መካከል ላይ እግር ሳይተከል፣ ከአለት ወደ አለት አንድ ቅስት መወርወር የሚቻልበት ቦታ ነው።

ድንጋይ ለእኛ አዲስ አልነበረም። አክሱምን ያቆመ፣ ላሊበላን የፈለፈለ አገር ድንጋይ ጠራቢ አያጣም። የጎደለው ድንጋዩን የሚያያይዘው ኖራ ነበር። በዚያ ዘመን አገራችን የኖረው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ማኅበር ካህን፣ ፖርቱጋላዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ፣ ድልድዩን የሠራው ከካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ጋር ከህንድ የመጣ ባለእጅ መሆኑን ጽፏል። ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ መገኘቱንም ከዚሁ ጋር አንሥቶታል።

እንግዲህ አስቡት። ያዘዘው የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ የመራው ከህንድ የመጣ ባለእጅ ነው፤ ድንጋዩም ኖራውም የዚሁ አገር ነው። ፖርቱጋል ከየት መጣች? ሚሲዮናውያኑ በዘመኑ ቤተ መንግሥት የነበራቸውን ቦታ አልክድም። ግን ስሙ እዚያው ቢቀር ባልከፋኝ። ከዚያው ከዓባይ ቁልቁል፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በ1660 ገደማ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ካባረሩ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። እሱንም «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ያሠሩት ነው። እሱም ፖርቱጋል! ድንጋይ ተቀስቶ የታየበት ሁሉ ለሊዝበን ይሰጣል።

የራስ ዳርጌን ድልድይ ካነሣሁ አይቀር፤ በሰጎን እንቁላል ተለውሶ ተሠራ የሚለውን ሰምታችኋል። ያን ሁሉ ሰጎን ማን እንደሰበሰበው አይነግሩንም። ሆኖም ወሬው ጨርሶ መሠረት የለሽ ነው ብዬ አልስቅም። የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ በባሕርያቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ነጭ ዱቄት ሲለወስ ያየ ሰው ወሬውን ከየት እንዳመጣው መገመት አያቅትም።

ስለ ኖራ ትንሽ ልቆይ፤ የምለው ሁሉ ያለ እሱ አይቆምምና። የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ይቃጠላል። የተቃጠለው ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይፈርሳል፣ ይላማል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይ መካከል ሲገባ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቀስ እያለ ይስባል፤ ወደ ድንጋይነቱም ይመለሳል። ቀስ እያለ ስል ቀልድ አይደለም፤ በወፍራም ግንብ ውስጥ ዓመታት ይፈጃል። ለቸኮለ ሥራ ተቋራጭ የሚሆን ነገር አይደለም። ግን ይህ ዝግታው ነው መድኃኒቱ። ድልድይ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፣ መሠረቱም በትንሹ ይቀመጣል። ኖራ ከድንጋዩ ስለሚለሰልስ እንቅስቃሴውን እሱ ይችለዋል። የገባውንም ውሃ መልሶ ያስወጣል።

ቅስቱ ራሱ የሚቆመው በክብደቱ ነው። ድንጋይ ቢጫኑት ይችላል፤ ቢስቡት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግንበኛው ድንጋዮቹን እንደ ሽብልቅ ጠርቦ፣ በእንጨት ድጋፍ ላይ ከግራና ከቀኝ እየደረደረ ይመጣና መካከሉን በመዝጊያው ድንጋይ ይዘጋዋል። እንጨቱ ሲነቀል እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ግፊቱ ወደ ዳር ወርዶ አለቱ ውስጥ ይገባል። ያ የመጀመሪያ ደቂቃ፣ እንጨቱ ተነቅሎ ሁሉም ትንፋሹን የሚይዝበት፣ ለባለእጁ ምን ይመስል እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 አላታ ድልድይ ደርሷል። የቅስቱን ስፋት 25 ጫማ አድርጎ መዝግቧል፤ ይህ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጫፎቹ በሁለቱም በኩል በአለቱ ውስጥ ጠብቀው መግባታቸውን አይቷል። ከዳርና ዳሩ መከታ ግን የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የጻፈው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፦ ድልድዩ ደጋግሞ የመጠገን ምልክት ይታይበታል፤ ሊያፈርሱት ብዙ ጊዜ የመሞከራቸውም ምልክት አለ ይላል።

ልብ በሉልኝ፤ ብሩስ ሲያየው ድልድዩ ገና 144 ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜው ተመትቷል፣ ተጠግኗል፣ ደግሞ ተመትቷል፣ ደግሞ ተጠግኗል። ያሠራውን ንጉሥ ስም እናውቃለን። የጠገኑት እነማን ናቸው? ኖራውን ከየት አምጥተው አቃጠሉት? ማን ቀለባቸው? አንድም ስም የለንም። እኛ ዛሬ የምንሻገረው የእነሱን ሥራ ነው፤ የ1626ቱን ሥራ ብቻ አይደለም።

ሰባራ ድልድይ የዚህን ተቃራኒ ያሳያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ፤ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች አፈረሱት ይባላል። ከዚያ ጠጋኝ አጣ። ገበያ የሚሄደው፣ ዘመድ የሚጠይቀው ሰው ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ከማዶ ያሉ ሰዎች እየጎተቱት ዓባይ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ይህን ፎቶግራፍ በመጽሔት ያየ አንድ አሜሪካዊ ተነሣሥቶ በ2002 ክፍተቱ ላይ የብረት መሻገሪያ ተዘረጋ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ስሙ ግን አሁንም ሰባራ ድልድይ ነው፤ ሕዝቡ ስም ሲያወጣ አይዋሽም።

ክፉ ጥገናም አለ። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ የተሳተፍኩበት ነው፤ ቦታውን ተዉት። አንድ ትንሽ አሮጌ ድልድይ ኖራው ተጠርጎ አልቋል ተባለና ገንዘብ አዋጥተን ጎኑን በሙሉ በስሚንቶ አስለሰንነው። አማረ። አጨበጨብን። ከሦስት ክረምት በኋላ ሄጄ ሳየው ስሚንቶው ደህና ነው፤ ድንጋዩ ግን ከጀርባው እየተቀረፈ ነው። ከላይ የሚገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ታምቋል። እዚያ የቆሙ አንድ አባት «ልጄ፣ ብርድ ልብስ አለበሳችሁት፤ እሱ ግን የታመመው ራሱን ነበር» አሉኝ። ራሱን ያሉት ላዩን ነው፤ የመሻገሪያው ንጣፍ ተቦርቡሮ ዝናብ ወደ ውስጥ ይሰርግ ነበር። እኛ ላዩን ሳናይ ጎኑን ቀባን። የዚያን ጊዜ ማን ምን እንደሠራ የጻፈ ቢኖር ኖሮ ቀጥሎ የመጣው ሰው ስሕተታችንን በአንድ ገጽ ባነበበው ነበር። አልጻፍንም። እኔም አልጻፍኩም።

ድንጋይ ድልድይን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ነገር አይደለም። ወፍ የጣለችው የሾላ ፍሬ መገጣጠሚያው ላይ ይበቅላል፤ ሥሩ ድንጋዩን ይፈለቅቃል። የዝናብ መውረጃው ይደፈናል። ጎርፍ መሠረቱን ሥር ሥሩን ይቦረቡራል። ለበቅሎ የተሠራ ቅስት ላይ ጭነት መኪና ይሄዳል። ሾላው ችግኝ ሳለ በሁለት ጣት ይነቀላል፤ ካደገ በኋላ ግን መነቀሉ ራሱ ድልድዩን ያናጋል።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስፈጻሚው አንድ ሐሳብ ያቀርብላችኋል። በምንከታተላቸው አሮጌ ድልድዮች ሁሉ ለእያንዳንዱ አንድ መዝገብ ይከፈት የሚል ነው። ማን ጠገነ፣ መቼ፣ በምን፣ ኖራው ከየት መጣ፣ ምን ተበላሸ። ግንበኛው በስሙ ይጻፍ፤ ውሃ ያመላለሰችውም እኅት በስሟ ትጻፍ። የመጀመሪያው ገጽ የእኛን የስሚንቶ ጉድ ይዞ እንዲጀምር ፈቃዴን ሰጥቻለሁ። ተቃውሞ ያለው ሰው እስከ ምሳ ድረስ ቢያገኘኝ ደስ ይለኛል፤ ከምሳ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን።

ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እያበሰርኩ፣ መድረኩን ለጸሐፊያችን እለቃለሁ። አመሰግናለሁ።